አንድ ባዶ ክፍል፣ ትንሽ በጀት፦ የፈጠራ ክፍሉን ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ «ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት የሳይንስና ሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ባዶ ክፍልና መጠነኛ በጀት ተሰጥቶን የፈጠራ ክፍል አድርጉት ተብለናል። አንዱ ታብሌት ይግዛ ይላል፣ ሌላው ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያነባበረ ዕቃ የሚያትም ማሽን)፣ ሌላው የቪአር መነጽር (ዓይን ላይ ታስሮ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ)። በአንድ ክፍል 45 ተማሪ አለን። ኢንተርኔታችን ይቆራረጣል። ከመምህራኑ ገሚሱ ዕቃውን ይፈራል፣ ገሚሱ ደግሞ ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር ጊዜ የለንም ይላል። ከምን እንጀምር? ለውጥ ማምጣቱንስ በምን እናውቃለን?»

መልስ፦

ከመደርደሪያ ይጀምሩ።

ቀልድ እንዳይመስልዎት። አሪፍ ዕቃ ተሟልቶላቸው በራቸው ተቆልፎ የሚውል የፈጠራ ክፍሎችን አይቻለሁ። በካርቶንና በመቀስ ብቻ ልጆች የሚጋፉባቸውንም አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚለያያቸው አንድ ነገር ነው። ተማሪው ዛሬ ሞክሮ ያልሆነለትን ሥራ ሳይፈርስ አስቀምጦ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሊመለስበት ይችላል ወይ? ደወል በተደወለ ቁጥር ሁሉም ነገር ተነቃቅሎ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የመጀመሪያ ሙከራ ብቻ ሲሞክር ይከርማል። የመጀመሪያ ሙከራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። ማሰብ የሚጀመረው «ለምን እንቢ አለ?» ሲባል ነው። ስለዚህ በጀቱንም፣ ክፍሉንም፣ ሰዓቱንም ለሁለተኛው ሙከራ እንዲያውሉት ነው የምመክርዎት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት በጄኔቫ የልጆችን አስተሳሰብ ካጠናው ከዣን ፒያዤ ጋር ከሠራ በኋላ አሜሪካ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከዎሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተዋወቀ። ፓፐርትን የማረከው ነገር ልጆች ፕሮግራማቸው ሲበላሽ የሚያደርጉት ነው። በሒሳብ ደብተር ላይ ስህተት ቀይ ኤክስ ነው፣ በቃ አለቀ። ፕሮግራም ላይ ግን የተበላሸው ይፈለጋል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይሞከራል። ልጁ አይሸማቀቅም። በሌላ ጊዜ የሚፈራውን ስህተት እዚህ ራሱ ያሳድደዋል። የፈጠራ ክፍል የሚባለው ነገር ሁሉ መነሻው እዚህ ጋ ነው፤ ማሽኑ በኋላ የመጣ ነው።

ወደ ታብሌቱ ልምጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ፔሩ ለልጆች ላፕቶፕ በስፋት ካደሉ አገሮች አንዷ ናት። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች 319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አወጡ። የኮምፒውተሩ ብዛት ለአንድ ተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 አድጓል። የሒሳብና የቋንቋ ፈተና ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም። ለፍትህ ያህል፣ ጥቅል የማሰብ ችሎታን በሚለኩ አንዳንድ ፈተናዎች ላይ ጥሩ ምልክት ታይቷል። ኦኢሲዲ የሚባለው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሪፖርትም በኮምፒውተር ላይ ብዙ ያፈሰሱ አገሮች ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና በንባብ፣ በሒሳብም ሆነ በሳይንስ ይህ ነው የሚባል መሻሻል እንዳላሳዩ ጽፏል። ይህ ማለት ኮምፒውተር አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዕቃው ብቻውን ገብቶ መምህሩ ነገ ጠዋት ምን በተለየ መንገድ እንደሚያስተምር ካልታወቀ፣ ትምህርቱ በነበረበት ይቀጥላል ማለት ነው።

እንግዲህ ከዕቃ ዝርዝር በፊት አንድ ስብሰባ ይጥሩ። አጀንዳው አንድ ይሁን። «በየዓመቱ ተማሪዎቻችን የሚደናቀፉበት ርዕስ የትኛው ነው?» እያንዳንዱ መምህር ሁለት ሁለት ይጥቀስ። ዘዌ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ጥግግት፣ ክፍልፋይ፣ ግራፍ ማንበብ… ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። ከዚያ ውስጥ በእጅ ሲሠራ የሚገለጠውን ይምረጡ። «ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር ጊዜ የለንም» ያሉት መምህራን ልክ ናቸው፤ ክርክሩን በዚሁ ይጨርሱታል። የመረጡት ርዕስ ፈተና ላይ የሚመጣ ነው፣ ያውም ተማሪ የሚወድቅበት።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ስክራች የሚባለውን ፕሮግራም ያውቁት ይሆናል። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የለቀቀው ነው። ነጻ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ገጽታውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ተማሪዎቹን «ድመቷ እየሄደች ጎነ ሦስት ትሣል፣ ሦስቱም ጎኖች እኩል ይሁኑ» ብለው ይዘዟቸው። ሁሉም የእኩል ጎነ ሦስት ዘዌ 60 ዲግሪ መሆኑን በቃሉ ያውቃል። ስለዚህ «3 ጊዜ ድገም፣ 100 ሂድ፣ 60 ታጠፍ» ብሎ ይሞላል። ድመቷ ትሄዳለች። የምትሥለው ግን ጎነ ሦስት ሳይሆን አፉ የተከፈተ ጎድጓዳ ነገር ነው። የጎነ ስድስት ግማሽ ነው ወጥቶ የቀረው።

እዚህ ጋ ክፍሉ ይንጫጫል። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» የሚል አይጠፋም። መምህሩ መልሱን እንዳይናገር። አንዷን ተማሪ ያስነሳና ወለሉ ላይ በጠመኔ በተሠመረ ጎነ ሦስት ላይ ራሷ እንድትሄድ ያድርግ። ጥጉ ላይ ስትደርስ ምን ያህል እንደዞረች ሌሎቹ ይዩ። ቀጥ ብላ ብትሄድ ኖሮ ከምትሄድበት አቅጣጫ ወደ አዲሱ ለመዞር ከ60 እጅግ የበለጠ ነው የታጠፈችው። 120! ያ 60 የውስጡ ዘዌ ነበር። ድመቷ የምትታጠፈው ግን ውጫዊውን ነው። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት የነበሩ ልጆች አሁን ገና «አሃ!» ይላሉ።

ከዚያ ሰንጠረዥ ይሙሉ። ጎነ ሦስት 120፣ ካሬ 90፣ ጎነ አምስት 72፣ ጎነ ስድስት 60። የጎኑን ብዛት በዘዌው ሲያባዙት ሁሌም 360። «ለጎነ ሰባትስ?» ብለው ይጠይቁ። 360 ለ7 በእኩል አይካፈልም። ልጆቹ 51 ይሞክራሉ፣ መስመሩ ለትንሽ ሳይገጥም ይቀራል። 52 ይሞክራሉ፣ ያልፋል። እንግዲያው ቁጥሩን ትተው ማካፈሉን ራሱን ለኮምፒውተሩ ይሰጡታል፤ «360 ÷ 7» ብለው። ሳያውቁት ቀመር ጻፉ ማለት ነው። 36 ጊዜ 10 ዲግሪ ያሉት ደግሞ ክብ የመሰለ ነገር ያገኙና ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። ፋይሉ ተቀምጦ በሁለተኛው ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ መደርደሪያው ያ ፋይል ነው። የተማሪው ስም ያለበት ፎልደር ከሌለና ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሥራው የሚጠፋ ከሆነ፣ ሣጥን ውስጥ ከሚነቃቀለው ካርቶን አይሻልም።

ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ለሦስት ተማሪ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። 15 ኮምፒውተር ለ45 ልጅ። አዲስ መሆን የለበትም። ሰባትና ስምንት ብቻ ካላችሁ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ገሚሱ ወረቀት ላይ ትንበያውን ሲጽፍ ገሚሱ ይሞክር፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ትንበያ የሚጻፈው ሁልጊዜ ከሙከራው በፊት ነው። ካልተጻፈ ልጁ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይላል፣ ምንም አልተማረም።

ሁለተኛው ምሳሌ ኮምፒውተርም አይፈልግም። የሰዓት ባትሪ የሚባለው ጠፍጣፋው ባለ 3 ቮልት፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የአልሙኒየም ወረቀትና ካርቶን። ተማሪዎቹ የካርቶን ቤት ሠርተው መብራት ያስገቡለታል። አንድ ቀይ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ካልሆነ ግን አይበራም። የመጀመሪያው ግኝት ይኸው ነው። ቀጥሎ «ሁለት ክፍል ያለው ቤት» ሲባሉ አብዛኞቹ ሁለቱን ኤልኢዲዎች በተከታታይ ያገናኛሉ። ሁለቱም ድርግም! ምክንያቱም አንድ ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት ወደ 2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱ በተከታታይ ወደ 4። ባትሪው ያለው 3 ነው። በትይዩ ሲያደርጉት ይበራሉ።

እዚህ ላይ መምህራንን ራሳቸውን የምታስደነግጥ አንዲት ነገር አለች። አንድ ቡድን ቀይና ሰማያዊ ኤልኢዲ በትይዩ ያገናኝና ሰማያዊው ይጠፋበታል፣ ወይም በጭንቅ ይታያል። መምህሩ ባትሪ ይቀይራል። አሁንም ያው። ሰማያዊ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ቀዩ ግን በትይዩ ስለተገናኘ ቮልቴጁን ወደ 2 ጎትቶ ያወርደዋል፣ ለሰማያዊው የሚበቃ አይቀርም። ቀዩን ሲያነሱት ሰማያዊው ቦግ ይላል። ቀድመው ካወቁት ይህ አስደናቂ ጥያቄ ነው። ካላወቁት ክፍለ ጊዜውን የሚበላ እንቆቅልሽ ነው። ስለዚህ መምህሩ ከተማሪው አንድ ቀን ቀድሞ ራሱ ይሥራው። ስልጠና ማለት ለእኔ ይህ ነው። ፓወርፖይንት ሲያዩ መዋል አይደለም።

ስለ ፍርሃቱም ይኸው ነው መልሴ። መምህሩ የሚፈራው ማሽኑን ብቻ አይደለም። ተማሪው ፊት ፋራ ሆኖ መታየቱን ነው። ልጆቹ ስልክ ከእሱ የበለጠ ያውቃሉ። ግን ልጁ ስልክ መጠቀም ስለሚያውቅ ጎነ ሦስቱ ለምን እንዳልተዘጋ ያውቃል ማለት አይደለም። መምህሩ ያለው ዕውቀት እዚያ ጋ ነው የሚፈለገው። ሁሉንም በአንዴ ለማሰልጠን አይሞክሩ። ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት መምህራን ይምረጡ፣ አንድ ሴሚስተር ይሞክሩ። ሌሎቹ በመስኮት ሲያዩ ይመጣሉ። በግዴታ የመጣ መምህር ክፍሉን ለፊርማ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

አሁን ስሪዲ ፕሪንተሩ። እኔ ማሽኑን እወደዋለሁ። ግን ሒሳቡን እንሥራ። የጣት ያህል ርዝመት ያለው ዕቃ ለማተም አንድ ሰዓት አካባቢ መፍጀቱ የተለመደ ነው። 45 ተማሪ፣ አንድ አንድ ዕቃ፣ 45 ሰዓት። ፕሪንተሩ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ ከአንድ ሳምንት የትምህርት ቀናት በላይ ይወስዳል። ያውም ካልተደፈነና ሥራው መሀል ላይ ካልተነሳ። ታዲያ ሁለተኛው ሙከራ መቼ ሊሆን ነው? ካርቶን ላይ ግን ልጁ የተሳሳተውን ልኬት በሁለት ደቂቃ ቆርጦ ያስተካክላል።

ሌላም ነገር አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ብራዚላዊው ተመራማሪ ፓውሎ ብሊክስታይን ትምህርት ቤት ውስጥ የፈጠራ ክፍሎችን ካስጀመሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጽሑፉ «የቁልፍ መያዣ በሽታ» ስለሚለው ነገር ጽፏል። ተማሪዎቹ በሌዘር መቁረጫ (በጨረር በሚቆርጥ ማሽን) ቁልፍ መያዣ መሥራትን ተማሩ። በትንሽ ጥረት ቆንጆ ዕቃ ይወጣል፣ ያየ ሁሉ ያደንቃል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መሥራት አልፈለጉም። ክፍሉ የቁልፍ መያዣ ፋብሪካ ሆነ። ማሽኑ ለልጁ ሲያስብለት ልጁ ማሰብ ያቆማል። በስሪዲ ፕሪንተርም የማየው ይህንኑ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ቅርጽ፣ «አትም» የሚለውን መጫን፣ ፎቶ ማንሳት።

ፕሪንተር በጭራሽ አይግዙ እያልኩ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ይግዙ። ያኔ ተማሪዎቹ በካርቶን ሠርተው፣ ለክተው፣ ሦስት ጊዜ ቀይረው «ይህቺ ክፍል ግን በካርቶን አትጠነክርም» ሲሏችሁ ትርጉም ይኖረዋል። ለማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሏችሁ ደግሞ ሐሳቤን ቶሎ እቀይራለሁ። በእጅ የሚዳሰስ ግራፍ፣ የሕዋስ ሞዴል፣ የመልክዓ ምድር ካርታ ማተም ከዚህ ማሽን ምርጥ ጥቅሞች አንዱ ነው። የቪአር መነጽሩን ግን ይርሱት። አንድ ልጅ ያያል፣ 44 ይጠብቃሉ።

ተመራማሪዎቹ ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሚያነጋግር ጽሑፍ አውጥተዋል። ጀማሪ ተማሪን «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ብሎ በነጻ መልቀቅ አይሠራም፣ አእምሮው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ስለሆነ ይጨናነቃል፣ የሚል ነው። የፈጠራ ክፍል ወዳጆች ብዙ ጊዜ ይህን መስማት አይወዱም። እኔ ግን በዚህ ከተመራማሪዎቹ ጋር ነኝ። አንድም ነገር ያልታየውን ልጅ «ፍጠር» ብሎ ዕቃ ፊቱ መደርደር ክፍሉን የጨረባ ተዝካር ያደርገዋል። መጀመሪያ የተሠራ ምሳሌ ያሳዩት። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀይር ይጠይቁት። ነጻነቱ በዚያ ላይ ይምጣ። ካሬውን አብረው ይሥሩ፣ ጎነ ሦስቱን ለብቻው ይሞክር፣ የራሱን ንድፍ ከዚያ በኋላ።

ስለ ቡድን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ማንም አይነግርዎትም። ገብተው ሲያዩ «ሁሉም እየሠራ ነው» ብለው አይርኩ። ኪቦርዱ በማን እጅ ነው? ሽቦውን ማን ነው የያዘው? ዝም ብለው ከተዉት ብዙ ጊዜ ደፋሩ ልጅ መሣሪያውን ይይዛል፣ ሴቷ ልጅ ደግሞ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላ ሪፖርት ጸሐፊ ትሆናለች። ዓመቱን ሙሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት ሚና አለ፤ የሚሠራ፣ የሚያዝ፣ የሚመዘግብ። በየ10 ደቂቃው መምህሩ ያጨበጭባል፣ ሚና ይቀያየራል። የሚያዘው ልጅ በእጁ መንካት አይፈቀድለትም፣ በአፉ ብቻ። ሐሳቡን በቃላት መግለጽ ግድ ስለሚሆንበት ከሁሉም የበለጠ የሚማረው እሱ ነው።

ኢንተርኔቱ ብዙም አያሳስብዎት። አንዴ አውርደው ያለ ኢንተርኔት የሚጠቀሙባቸው ብዙ ነጻ ነገሮች አሉ። ኮሊብሪ የሚባለው ፕሮግራም የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ለሌሎቹ በዋይፋይ ያድላል። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን ከነሙሉ ጽሑፉ ያስቀምጥልዎታል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው የፌት ማስመሰያዎች (ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች) ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ግሩም ናቸው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሥራ ነው። ጂኦጀብራም አለ ለሒሳብ። እነዚህን ፍላሽ ላይ ጭኖ የሚያመጣ አንድ ሰው ካገኙ ጨረሱ።

የመምህሩ ስልክ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። በጀርመን የአኸን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፊፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ ስልኩ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች ያወጣልዎታል፤ የፍጥነት ለውጥ፣ ድምፅ፣ ብርሃን። ሁለት ስልክ በ5 ሜትር ርቀት ያስቀምጡ። የድምፅ ሰዓቱን ይክፈቱ። አንዱ ስልክ ጋ ያጨብጭቡ፣ ሁለቱም መቁጠር ይጀምራሉ። ሌላኛው ጋ ያጨብጭቡ፣ ሁለቱም ያቆማሉ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፅ 10 ሜትር ለመሄድ የወሰደበት ጊዜ ነው። ወደ 29 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። 10ን ለ0.029 ሲያካፍሉ የድምፅ ፍጥነት እጅዎ ላይ ነው፣ በሰከንድ 345 ሜትር አካባቢ። ልጆቹ ግን መጀመሪያ የሚያገኙት 280 ወይም 420 ነው። ለምን? የነፋሱን ጫጫታ ነው የቆጠረው? ርቀቱን ከየት ነው የለካነው? ይኸው ሁለተኛ ሙከራ መጣ።

ትንሽ በጀት ከተረፈ ማይክሮቢት የሚባለውን ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አስቡበት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ለብሪታንያ ተማሪዎች ያደለው ነው። 25 ትንንሽ መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎች፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ መለኪያ አለው። ለ45 ተማሪ 15 ይበቃል። ሁለት ምስማር አፈር ላይ ሰክተው ከሰሌዳው ጋር ቢያገናኙ የአፈሩን እርጥበት ይነግራችኋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ንባቡ መዛባት ይጀምራል፣ ምስማሩ ስለሚዝግ። ለኬሚስትሪው መምህር ጥሩ ስጦታ ነው።

ክፍሉን ስለማሰናዳት ረጅም አልሄድም። ጠረጴዛዎቹ የሚንቀሳቀሱ ይሁኑ። ሶኬት በግድግዳው ዙሪያ በብዛት፣ ሽቦ ወለል ላይ አይጋደም። መስኮት የሚከፈት። መጥረጊያና ትልቅ የቆሻሻ መጣያ። ለየቡድኑ ክዳን ያለው ሣጥን የሚይዝ መደርደሪያ፣ ሣጥኑ ላይ ስም። የሰዓት ምደባውን ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ዕቃ ማውጣቱና መመለሱ ሲቀነስ ሥራው ላይ የሚውለው ግማሹ ቢሆን ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ካገኙ በሳምንት አንዴ ቢሆን ይበቃል።

ደህንነት ላይ ግን ቀልድ የለም። ከላይ ያልኩት ጠፍጣፋ ባትሪ ቢዋጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል፣ አንድ ከጎደለ ማንም ከክፍል አይወጣም። በኤሌክትሪክ ሙጫ የሚያቀልጠው መሣሪያ ሁለት ዓይነት አለ። በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራውን ይግዙ። ካርቶን በቢላ ሲቆረጥ ከሥሩ ሰሌዳ፣ በብረት ማስመሪያ፣ ቁሞ። ሌዘር መቁረጫ አንድ ቀን ካገኛችሁ ፒቪሲ ፕላስቲክ በጭራሽ አይግባበት። ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በሩ የሚቆለፍበት ትልቁ ምክንያት ግን አደጋ አይደለም። የንብረት ፊርማ ነው። ዕቃ ሲሰበር ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ መምህሩ ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍ አይፈረድበትም። ገና ከመጀመሩ፣ «በዓመት ይህን ያህል ዕቃ ይሰበራል፣ ያልቃል» የሚል ውሳኔ በጽሑፍ ያስወስኑ። ከበጀቱ ሩብ ያህሉን አሁን አይንኩት። ለሙጫ፣ ለባትሪ፣ ለካርቶን፣ ለተሰበረው መተኪያ ይቆይ። መጀመሪያ የሚያልቀው ሙጫው ነው። ሙጫ ያለቀበት የፈጠራ ክፍል ደግሞ ያው መደበኛ ክፍል ነው።

«ለውጥ ማምጣቱን በምን እናውቃለን?» ላሉት፣ የተሠሩትን ዕቃዎች ፎቶ አይቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይስጡ። በየክፍለ ጊዜው ሦስት መስመር ብቻ፤ ምን ይሆናል ብለን ነበር? ምን ሆነ? ምን ቀየርን? ማርኩ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ያማረ ሥራ ያለ ደብተር ግማሽ ማርክ፣ ያልተሳካ ሥራ ከጥሩ ደብተር ጋር ሙሉ ማርክ ማግኘት ይችላል። መጀመሪያ ላይ ወላጅ ያጉረመርማል፣ ይለምዱታል። ከዚያ በተጨማሪ ከርዕሱ በፊትና በኋላ ያው አምስት ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና ይስጡ። ሳይሠሩ ከተማሩት የሌላ ክፍል ተማሪዎች ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነት ከሌለ ትምህርቱን ይቀይሩት። ከወር በኋላ ያንኑ ፈተና ሳያስጠነቅቁ ይድገሙት፣ ብዙ የሚነግርዎት እሱ ነው።

ልጆቹ መልሱን ከቻትጂፒቲ ቢያመጡስ የሚል ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር፣ ለዚህም ደብተሩ ይረዳል። ትንበያው በእጅ ከተጻፈና ሙከራው ፊትዎ ከተደረገ፣ ከዚያ ወዲያ ቢጠይቁት ብዙም ጉዳት የለውም።

አንድ የቀረ ነገር። ለጋሽ ወይም የበላይ አካል «ማሽን ካልሆነ አንረዳም» ሊላችሁ ይችላል። ማሽን ፎቶ ላይ ያምራል፣ መደርደሪያ አያምርም። እንቢ አይበሉ። በደብዳቤ አራት ነገር ይጠይቁ፤ የሁለት ዓመት ማተሚያ ቁስና መለዋወጫ፣ ሲበላሽ የሚጠራ ቴክኒሻን፣ ለሁለት መምህራን የተግባር ስልጠና፣ እና ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ እናንተ እንድትወስኑ። አራቱን እሺ ካሉ ይቀበሉ። ሲመጣ ክፍሉ መሀል አያስቀምጡት፣ ጥግ ላይ ይሁን። መሀሉ ለጠረጴዛዎቹ ነው።